እስከ ዳቦ ቤቱ መቶ አርባ እርምጃ

ጥቅምት 3

ለማከብርሽና ለምወድሽ እትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ጉልበትሽ፣ ወገብሽ፣ ደግሞ ያ ሲነጋ የሚይዝሽ ሳል እንዴት ነው? እኔ ክብሩ ይስፋና ደህና ነኝ። ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ቤትሽን ሰላም ያድርገው።

በስልክ ያላነሳሁብሽ ነገር አለ። «በስልክ የተነገረ ነገር አልተነገረም፤ ቁም ነገር ካለሽ ጻፊው» ብለሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ። ሠላሳ አንድ ዓመት ደብዳቤ ስታድል የኖረች ፖስተኛ ሌላ ምን ትላለች! እናም በየእሑዱ ስለ አየሩ አውርተን ስልኩን ስዘጋ ዋናውን ነገር ሳልነግርሽ እቀራለሁ። ይኸው ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

ነገሩ የቤት ነው። ያለሁበትን በፎቶ ታውቂዋለሽ፤ ሰፊ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው። ያልነገርኩሽ፣ ሰፈሩ እግር ላለው ሰው አልተሠራም። የእግረኛ መንገድ የሚባል ነገር የለውም። ባለፈው ዳቦ ልግዛ ብዬ በመኪናው መንገድ ጠርዝ ስሄድ አንድ ሾፌር አጠገቤ አቁሞ «መኪናሽ የት ጋ ተበላሸብሽ?» አለኝ። ዳቦ ልገዛ ነው ስለው እንደ እብድ አየኝ። ወደ ሥራ ሁለት አውቶቡስ ነው፤ መሄጃው አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ፣ መመለሻው እንደ ሾፌሩ ጠባይ። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖርኩ።

አሁን ምን ሆነ መሰለሽ። እኛ ላብራቶሪ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስንሠራ ባለጥርሱን አናየውም፤ የሚመጣልን በጄሶ የተቀዳ ድድ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ አንድ አመል አለኝ፤ ከፊት ካሉት ጥርሶች አንዷን ትንሽ ዘመም አድርጌ ነው የማስቀምጣት። ሁሉም ቀጥ ካለ ሰው ያውቅባቸዋላ! ባለፈው ሳምንት ምሳዬን ይዤ ከላብራቶሪው ጀርባ ባለው መንገድ ሳልፍ አንድ አዛውንት በር ላይ «የሚከራይ ቤት» የሚል ወረቀት ይለጥፋሉ። ዞር ብለው ፈገግ ሲሉልኝ፣ አንቺ ሙች፣ የእኔ ጥርስ! ያቺ ዘመም ያለችው! ሳላስበው «ይመችዎታል?» አልኳቸው። «ምኑ?» አሉኝ። «ጥርሱ!»

ከዚያ ወዲያ ወዳጅ ሆንን። ወረቀቱን ቀደዱና ቤቱን ለእኔ አሳዩኝ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ሁለት ክፍል፣ ጠዋት ፀሐይዋ አልጋው ድረስ የምትገባበት። ላብራቶሪው በእግር ሰባት ደቂቃ ነው። ዳቦ ቤቱ፣ ፋርማሲው፣ ልብስ አጣቢው፣ ቤተ መጻሕፍቱ ሁሉም በእግር ነው። ኪራዩ ግን አይጣል ነው፤ የደሞዜን እኩሌታ ይበላል። ለብቻዬ እብደት ነው። ለሁለት ቢሆን ግን ሌላ ነገር ነው።

እንግዲህ ልብሽን አደላድለሽ ስሚኝ። መጥተሽ ከእኔ ጋር ብትኖሪስ? ወረቀቱን ሁሉ እኔ እጨርሳለሁ። እስከ ዛሬ ያላነሳሁት ዕድሜዋን በእግሯ የኖረችን ሴት እዚህ ባመጣት እስር ቤት ማስገባት ስለሚሆንብኝ ነው። አከራዩ እስከ ኅዳር መጨረሻ ሊጠብቁኝ ቃል ገብተዋል። ልውሰደው ወይስ ልተወው? ትመጫለሽ ወይስ አትመጪም?

ያሳደግሻት፣
ጉንዳንሽ


ጥቅምት 17

ለዓይኔ ብርሃን ለጉንዳኔ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ አለሁ፤ ሳሉም አለ፤ ተለማምደን አብረን እንኖራለን። ፈጣሪ ከክፉ ዓይን ይጋርድሽ፣ እጅሽን ይባርከው፣ የሠራሽው ጥርስ ሁሉ የሚስቅበት ይሁን።

ደብዳቤሽ በአሥራ ሦስት ቀኑ ደረሰ። አዲሱ ፖስተኛ አያንኳኳም እኮ! በበሩ ሥር ወርውሮት ይሄዳል። ሥራ ነው ይሄ? ሰው እኮ ደብዳቤውን ብቻ አይደለም የሚጠብቀው፤ የሚያንኳኳለትንም ጭምር ነው። በይ እሱን ተዪው፤ ደሜን ያፈላዋል።

በአከራይሽ ነገር ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። መቼም ጥርሱን የሠራችለትን ሴት ጨክኖ ከቤት የሚያስወጣ ሰው አይኖርም፤ ይህ ከውል ይበልጣል። ይልቅ ቤት የሚታየው ከውስጥ ነው ያለሽ ማነው? ግድግዳ ግድግዳ ነው። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ደጅ ሳንኳኳ የኖርኩ ሴት ሰፈር እንዴት እንደሚፈተን ልንገርሽ።

ሦስት ጊዜ ሂጂ፤ አንዴ በጠዋት፣ አንዴ በቀትር፣ አንዴ በዝናብ። በፀሐይማ ሁሉም ሰፈር ቆንጆ ነው። ውሻውን እዪ፤ ሰው በእግሩ የሚመላለስበት ሰፈር ውሻው ቀና ብሎ አይቶሽ መልሶ ይተኛል፤ መኪና ብቻ የሚያልፍበት ሰፈር ውሻ ግን እግረኛ ባየ ቁጥር ሌባ የመጣ ይመስለዋል። ላገኘሽው ሁሉ ሰላምታ ስጪ፤ ስንቱ እንደመለሰልሽ ቁጠሪ። ርቀቱንም ቁጠሪ። ቤት የሚያከራይ ሰው «ቅርብ ነው» ሲልሽ አትመኚ፤ በእርምጃ ለኪው። ከደጁ እስከ ዳቦ ቤቱ ስንት እርምጃ ነው? ማረፊያ ወንበርስ አለ? ይህን ጻፊልኝ።

ስለ መምጣቱ እናየዋለን። መጀመሪያ ቁጠሪ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው።

አንዲት ነገር ላስቸግርሽ። ብርዱ ገብቷልና ወፍራም የሱፍ ካልሲ ላኪልኝ። ቁጥሩ አርባ ሦስት ይሁን። ምነው ትልቅ አትበዪ፤ እግሬ ወደ ማታ ያብጣል።

የምትወድሽ፣
እትዬ


ኅዳር 3

ለውድ እትዬ፣

ሰላምሽ ይብዛ፤ እግርሽን ይማርልሽ። ከሁሉ በፊት ስለ እሱ ንገሪኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያብጠው? ሁለቱም ነው? ሐኪም አየሽው? አርባ ሦስት እኮ የወንድ ቁጥር ነው! አንቺ ሠላሳ ስምንት አልነበርሽም? ሦስት ጥንድ ልኬልሻለሁ፤ ግን ካልሲ መድኃኒት አይደለም። እሑድ ስጠይቅሽ «አየሩ ቀዝቀዝ ብሏል» ብለሽ አለፍሽኝ። እስቲ በወረቀት እንኳ እውነቱን ጻፊልኝ።

ያዘዝሽኝን አደረግሁ። ከደጁ እስከ ዳቦ ቤቱ መቶ አርባ እርምጃ ነው። እስከ ፋርማሲው ሁለት መቶ አሥር፤ እስከ ሐኪም ቤቱ አራት መቶ ሰባ፣ በመሀል ትንሽ ዳገት አለው። ማረፊያ ወንበሮች አራት ናቸው። ዘጠና እርምጃ ሳይሞላ አንዱ ይገኛል።

በጠዋት ሄድኩ፤ ዳቦ ጋጋሪዋ ክንዷ ሁሉ ዱቄት ሆኖ ደጇን ትጠርጋለች። ለሃያ ሁለት ሰው ሰላምታ ሰጠሁ፤ አሥራ አምስቱ መለሱልኝ። አንዱ ሰውዬ ዝም ብሎኝ አለፈና ጥግ ከደረሰ በኋላ ተመልሶ መጣ። «ይቅርታ፣ ሐሳብ ይዞኝ ነው፤ እንደምን አደርሽ» ብሎኝ ሄደ! ይሄን አሥራ ስድስት ልበለው?

በቀትር ስሄድ አንዲት ባልቴት ወንበር ላይ ሹራብ ትሠራለች። በሦስተኛው ጊዜ በዝናብ ስመጣ መጠለያው ሥር ያቺው ባልቴት አለች። «አንቺ ልጅ ምንድነው የምትቆጥሪው? ከንፈርሽ ይንቀሳቀሳል» አለችኝ። ለአክስቴ ነው ብዬ ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩላት። እሷም እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ያለውን ከነደረጃው ነገረችኝ። ልብስ አጣቢው ደግሞ ጃንጥላ አዋሰኝ። ስምሽ ማነው ሳይለኝ፣ ሳያውቀኝ! ውሻውም ቀና ብሎ አየኝና ተኛ።

እኔ ልቤ ወዶታል። ግን ለራሴ ብቻ ብዬ ይህን ያህል ኪራይ ብከፍል እግዜሩስ ምን ይለኛል? አንቺ ከመጣሽ ብቻ ነው። ቀኑ እየደረሰ ነው፤ በሞቴ ቁርጡን ንገሪኝ።

ጉንዳንሽ


ኅዳር 17

ለምወድሽ ለጉንዳኔ፣

ሰላምና ጤና ከደጅሽ አይራቅ። ካልሲው ደርሶ ልክክ ብሏል፤ ተባረኪ። ስለ እግሬ አታስቢ፤ እግሬ እኔን የሚያህል ሰው ሲሸከም ኖሮ ትንሽ ቢያኮርፍ ምን ይገርማል።

ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አነበብኩት። ያ ተመልሶ የመጣው ሰውዬ በደንብ ይቆጠራል፤ እንዲያውም እንደ ሁለት ቁጠሪው። አሁን ደግሞ የምጠይቅሽ አለኝ። ወንበሮቹ ስንት ሰው ይይዛሉ? ሁለት ሰው፣ አንዱ ትከሻው ሰፋ ያለ ቢሆን፣ ሳይጣበብ ይቀመጥባቸዋል? ሽማግሌዎች ተሰብስበው ዳማ የሚጫወቱበት ቦታስ አለ? በሰፈሩ ሰዓት የሚያድስ ሰው አለ ወይ? ካለ ሥራ በዝቶበት እንደሆነ፣ ከሌለም ሰዉ ሰዓቱን ወዴት ወስዶ እንደሚያሠራ ጠይቂልኝ። ትልቁ ክፍል ስንት ክንድ ነው?

አትቆጪኝ፤ አሮጊት ጥያቄ ይበዛባታል። የምታደርጊውን ፈጣሪ ያሳምርልሽ።

እትዬ


ታኅሣሥ 2

ለውድ እትዬ፣

እንዴት ነሽ? እግርሽስ? እኔ ደስታና ድካም አንድ ላይ ሆነውብኝ ነው የምጽፍልሽ።

ፈረምኩ! ደብዳቤሽ በቀነ ቀጠሮው ዕለት ደረሰኝ። አንብቤ ስጨርስ እንባዬ መጣ፤ ምክንያቱም ሁሉም ነገር ገባኝ። ትከሻ ሰፊ ያልሽው ደግፎ የሚያስቀምጥሽ ሰው መሆኑ ገባኝ። ሰዓት ማሠሪያ የጠየቅሽው መድኃኒት በሰዓት እንድትወስጂ መሆኑ ገባኝ። ክፍሉን በክንድ የጠየቅሽኝ ደግሞ፣ እትዬ፣ ምርኩዝ ነው ወይስ ተሽከርካሪ ወንበር? እንዲህ እየሆንሽ «አየሩ ቀዝቀዝ ብሏል» ትይኛለሽ!

ስለዚህ እንዲህ አደረግሁ። ሦስተኛ ፎቅ ስልሳ አንድ ደረጃ ነው። አከራዩን ለመንኳቸውና በምድር ቤቱ ለወጥኩት። አልዋሽሽም፣ ጨለም ይላል፤ ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ ፀሐይዋን ከልሏታል። ኪራዩ ግን ያው ነው። ምንም አይደለም፤ አንድም ደረጃ የለውም። የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ መያዣ ብረት አስመትቻለሁ። እግርሽን የምታሳርፊበት በርጩማም ገዝቻለሁ። ሐኪም ቤቱንም አነጋግሬአለሁ።

የቀድሞ ቤቴን ለቅቄ ዛሬ ሁለተኛ ቀኔ ነው። አሁን የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ። መቼ ትመጫለሽ? ቀኑን ቁረጪልኝ።

ጉንዳንሽ


ታኅሣሥ 29

ለልጄ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ሁለት እሑድ ስልክ አለማንሳቴ ታምሜ አይደለም፤ ድምፅሽን መስማት ፈርቼ ነው። ይህንንም ደብዳቤ አምስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ።

እግሬ አላበጠም። አብጦም አያውቅም። አርባ ሦስት ቁጥሩ የኔ አይደለም።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኛል። ግን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ልናገረው። ባለፈው ነሐሴ በማዘጋጃ ቤት ሁለት ምስክር አቁሜ ፈርሜአለሁ። አግብቻለሁ፣ ጉንዳኔ። በስድሳ አራት ዓመቴ! ሲያረጁ አምባር ይዋጁ አትዪኝ፤ ራሴን ስለው ከርሜአለሁ።

ሰዓት ሠሪው ነው። በልጅነትሽ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመሽ የግድግዳ ሰዓቶቹን አፍሽን ከፍተሽ ስታዪ ትውዪ ነበር። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ለብዙ ጊዜ ደብዳቤ የሚባል አይመጣለትም ነበር። ከዚያ ድንገት በየሳምንቱ አንድ ይመጣለት ጀመር፤ ሁልጊዜ በአንድ እጅ ጽሕፈት። ስድስት ዓመት ሙሉ ሳልታክት አደረስኩለት። ጸሐፊዋ መቼም ሴት ትሆናለች ብዬ፣ አልዋሽሽም፣ በውስጤ ትንሽ ቅር ይለኝ ነበር።

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመጨረሻዬን ዙር ይዤ ስደርስ አንድ የጫማ ካርቶን አቀበለኝ። ደብዳቤዎቹ ናቸው። አንዱም አልተከፈተም። «ለእርስዎ የተጻፉ ናቸው» አለኝ። «ታዲያ ለምን በራስዎ አድራሻ?» ብለው፣ «በእርስዎ ቤት አድራሻ ብልካቸው ሳጥንዎ ውስጥ ይገባሉ እንጂ እርስዎ እኔ ጋ አይመጡም ነበር» አለኝ። አየሽልኝ ጉዱን? ለራሴ የተጻፈ ደብዳቤ ስድስት ዓመት በትከሻዬ ተሸክሜ ለሰው ሳደርስ ኖሬአለሁ! ሁሉንም ለማንበብ አንድ ክረምት ፈጀብኝ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ተግደርድሬበታለሁ፤ እሱንም ያሟላሁት ለወጉ ነው።

ለምን አልነገርሽኝም ትያለሽ። አፈርኩ። ደግሞም ፈራሁ፤ አክስቴ ሰው ስላገኘች አልፈለገችኝም ትላለች ብዬ። «ትመጫለሽ ወይ» ያልሽበት ደብዳቤ ሲደርሰኝ ልቤ ለሁለት ተከፈለ። ወንበሩን የጠየቅሁሽ ለሱ ነው። ሁለታችንም እንምጣ ብዬ ሳማክረው «አንቺ ካልሽ እሄዳለሁ» አለኝ። በማግስቱ ግን ወረንጦዎቹንና መፍቻዎቹን አንድ በአንድ ሲወለውል አገኘሁት። አንድ ዓይኑ ደክሟል፤ ያንን ጠረጴዛ በእጁ ነው የሚያውቀው። ሊሰናበታቸው መሆኑ ገባኝ። ይቅር አልኩት።

አልመጣም፣ ልጄ። ይህን ቃል በመጀመሪያው ደብዳቤሽ ማግስት መጻፍ ነበረብኝ። አፈር ስሆን ይቅር በዪኝ።

እትዬ


ጥር 13

ለተከበሩ አክስቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። እንኳን ደስ ያለዎት። ትዳሩን ፈጣሪ ይባርክልዎ።

እኔ በቀትር መብራት እያበራሁ እኖራለሁ። ፀሐይዋ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናት። መያዣ ብረቱ ላይ ፎጣ ሰቅዬበታለሁ።

ያስከፋኝ ማግባትዎ አይደለም፤ እኔንም ቢጠሩኝ እልልታዬን አቀልጠው ነበር። ያስከፋኝ ከነሐሴ ጀምሮ በየእሑዱ ሰው ከጎንዎ ተቀምጦ ስለ አየሩ ሲነግሩኝ መቆየትዎ ነው። እኔ እዚህ ጎዳና ለጎዳና እርምጃ ስቆጥር ሰው ሁሉ «አክስትሽ መቼ ትመጣለች?» ይለኛል። አሁን ምን ብዬ ልመልስላቸው? አልጋ የገዛሁት ሁለት ነው።

አክባሪዎ፣
የወንድምዎ ልጅ


ጥር 27

ጉንዳኔ፣

በ«እርስዎ» መታሽኝ። በዱላ ብትመቺኝ ይሻለኝ ነበር። ይገባኛል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አልከራከርሽም።

ግን ስሚኝ፤ ተቆጥተሽም ቢሆን አንብቢው። ደብዳቤዎችሽን ሁሉ አስቀምጫለሁ። ትናንት የዘጠኙን ዓመት አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። አውቶቡሱ ዘገየ፣ አውቶቡሱ ተለወጠ፣ ሥራ በዛ፣ ደህና ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንኳ የለበትም! የኅዳሩን ግን እዪው። ዳቦ ጋጋሪ አለበት፣ ባልቴት አለበት፣ ጃንጥላ ያዋሰሽ አለበት። ሰላምታሽን ሊመልስ የተመለሰ ሰው አለበት። እኔ ላንቺ ሰፈር ያስቆጠርኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሰው እያስቆጠርኩሽ ነበር።

አሁን የሚያመውን ልናገር። ቤቱን ለእኔ ብለሽ ነው የወሰድሽው፤ አዎ። ግን እኔ ባልኖር ለራስሽ ይገባኛል አትዪም ነበር። ለሰው ከሆነ የደሞዝሽን እኩሌታ ትሰጫለሽ፤ ለራስሽ ሲሆን እግረኛ መንገድ የሌለበት ሰፈር ይበቃኛል ትያለሽ። ይህን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ፤ እኔም ስድሳ ዓመት እንደዚያው ነበርኩና። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል አልሰማሽም? እኔ ሩቅ ነኝ፤ ብወድሽም ሩቅ ነኝ። በሞቴ፣ ቤቱን አትልቀቂ። ሦስተኛ ፎቁንም መልሰሽ ጠይቂ።

ደግሞ እሱ ሁለት መስመር ልጻፍ ብሎ ቆሞብኛል። ይኸው።

«ለተከበርሽ ልጃችን፤ በቅድሚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ካልሲው እጅግ ይሞቃል፤ ባደረግሁት ቁጥር ግን እሾህ አለበት። ሌባ እንደሆንኩ ይሰማኛል። አክስትሽ ደብዳቤሽ ከደረሰ ወዲህ እህል በአግባቡ አልበላችም። አጭር መልስ ብትጽፊላት ለእኔ ትልቅ ውለታ ነው።»

አየሽ፤ እኔ እንኳ ያላልኩትን አስለፈለፍሽው።

እትዬ


ሚያዝያ 1

ለውድ እትዬ፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ ቤታችሁ ይሙቅ። ሳልጽፍልሽ መቆየቴ ቂም ይዤ አይደለም። መጀመሪያ ላይ ይዤ ነበር፤ በኋላ ግን ታመምኩ፤ አሁን ድኛለሁና አትደንግጪ።

ሦስተኛ ፎቁን ጠይቄ ነበር፤ አዲስ ተጋቢዎች ገብተውበታል። ሲደንሱ እሰማቸዋለሁ፤ ፀሐይዬ ላይ ነው የሚደንሱት! ተናድጄ ቤቱን ልለቅ ወስኜ ለአከራዩ ነገርኳቸው። «እስከ ወር መጨረሻ አስቢበት» አሉኝ። በዚያው ሳምንት ትኩሳት ጣለኝ።

እትዬ፣ ልናገር። ሰኞ ዕለት ሥራ አልሄድኩም። ማክሰኞ ከረፋዱ መስኮቴ ተንኳኳ። ባልቴቷ ናት፤ በሹራብ መሥሪያዋ መስታወቱን ትመታለች። «ትናንት አላለፍሽም፤ ዛሬም አላለፍሽም» አለችኝ። ይህን ብቻ ነው ያለችኝ። ከዚያ መንገዱ ሁሉ ሰማ። ፋርማሲስቷ ራሷ መድኃኒት ይዛ መጣች። ዳቦ ጋጋሪዋ በመስኮት ትኩስ ዳቦ አቀበለችኝ፤ ምድር ቤት መሆኑ ለዚህ ጠቀመኝ። አከራዩ ሾርባ አመጡና እስክጨርስ ቁጭ ብለው ጥርሱ ሥጋ ሲበሉበት እንዴት እንደሚይዝላቸው ሲያጫውቱኝ ዋሉ። ልብስ አጣቢው አንሶላዎቼን ወስዶ አጥቦ መለሰልኝ። እኔ ግን ሾርባውን ስጠጣ አለቀስኩ። ትኩሳቱ ያስለቀሰኝ መሰላቸው።

ያለቀስኩበትን ላንቺ ብቻ ልንገርሽ፤ እኔም ዋሽቼሻለሁና። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ እዚያ ሰፊ ቤት ውስጥ፣ ሳንባዬ ቆስሎ አሥራ አንድ ቀን ተኝቼ ነበር። ከአልጋው እስከ ውኃው እየዳህኩ ነበር የምሄደው። አሥራ አንድ ቀን እትዬ፣ አንድም ሰው አላንኳኳም። በመሀሉ እሑድ ሆነና ደወልሽ። «አየሩ እንዴት ነው?» አልሽኝ። «ደህና ነው» አልኩሽ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እዚህ ብሞት ማን ያውቃል ብዬ ጣሪያውን ሳይ ዋልኩ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ከነሐሴ ጀምሮ ደበቅሽኝ ብዬ የተቆጣሁት እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ደብቄሽ ነው። ይቅር በዪኝ። እኔም ይቅር ብዬሻለሁ፤ ይቅርታ እንኳ አያስፈልገውም፤ ስድስት ዓመት የራሷን ደብዳቤ የተሸከመች ሴት ላይ ማን ይቆጣል? አጎቴን ካልሲውን ያለ እሾህ ያድርጉ በያቸው። በበጋ ሁለታችሁም ለሁለት ሳምንት ኑልኝ፤ ወንበሩ ትከሻ ሰፊም ቢሆን ይይዛል፤ ከባልቴቷ ጋር ተቀምጬ ሞክሬዋለሁ።

የወሩ መጨረሻ ትናንት ነበር። አከራዩ ውሉን ይዘው መጡ። መጀመሪያ ስንፈራረም ከእኔ ስም ሥር ያንቺን ጽፌ ነበር፤ ሁለት ነዋሪ ብለን። «ታዲያ ይቅር?» አሉኝ። «አክስትሽ ካልመጡ ለብቻሽ ይህን ሁሉ ኪራይ መክፈል አይከብድሽም?»

«ይከብደኛል» አልኳቸው። እውነቴን ነው፤ ይከብደኛል። ከዚያ ያንቺን ስም በአንድ መስመር ሰረዝኩት። «ማን ይኖርበታል ልበል?» አሉኝ።

«እኔ» አልኳቸው። «እኔ እኖርበታለሁ።»

የምትወድሽ፣
ጉንዳንሽ